የጃይን ሃይማኖት፦ ታሪኩ፣ ሥርዓቱና የምእመናኑ ኑሮ

በሕንድ ምድር ከተነሡት ሃይማኖቶች መካከል ጃይኒዝም በተከታዮቹ ብዛት ከትንንሾቹ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተካሄደው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ የተመዘገቡት ጃይኖች 4.45 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞሉም። የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የቡድሂዝም ቅርንጫፍ አድርገው ይቆጥሩት የነበረ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ጥንታዊ ሃይማኖት መሆኑ በውጭው ዓለም ዘንድ የታወቀው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኸርማን ያኮቢ የሁለቱን መጻሕፍት አስተያይቶ ከመረመረ በኋላ ነው። ስለ ጃይኖች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በመነኮሳቱ ተጋድሎ ላይ ያተኩራል፤ ሆኖም ይህን ሃይማኖት ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ያቆየው የመነኮሳቱና የምእመናኑ ጥብቅ ትስስር ነው። ጃይኖች ራሳቸው ማኅበረሰባቸውን በአራት ወገን፣ ማለትም በመነኮሳት፣ በመነኮሳይት፣ በወንድ ምእመናንና በሴት ምእመናን የቆመ አድርገው ይገልጹታል።

በጃይኖች እምነት ሃይማኖታቸው አንድ መሥራች የለውም። በማያቋርጠው የዘመን ዑደት ውስጥ ቲርታንካራ የሚባሉ 24 መምህራን እየተነሡ ከዳግም ልደት ነፃ የመውጣትን መንገድ ያሳያሉ፤ የመጀመሪያው ሪሻባ፣ ሃያ ሦስተኛው ፓርሽቫ፣ የመጨረሻው ደግሞ ማሃቪራ ነው። የማሃቪራ የመጀመሪያ ስሙ ቫርዳማና ሲሆን፣ በዛሬዋ ቢሃር ግዛት ከመሳፍንት ወገን ተወለደ። በትውፊቱ መሠረት የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ599 እስከ 527 ነው፤ የታሪክ ሊቃውንት ግን የቡድሃ ዘመነኛ መሆኑን መሠረት አድርገው ዘመኑን ከዚህ ዘግየት ያደርጉታል። በ30 ዓመቱ ቤቱንና ሀብቱን ትቶ ወጣ፤ ከ12 ዓመታት በላይ በጾም፣ በዝምታና በመንከራተት ከቆየ በኋላ ፍጹም ዕውቀት ላይ እንደ ደረሰ ይታመናል። በ72 ዓመቱ በፓቫፑሪ ሞተ። ሂንዱዎች በሌላ ምክንያት የሚያከብሩትን የዲዋሊን በዓል ጃይኖች የሚያከብሩት የእርሱን ነፃ መውጣት በማሰብ ነው።

ትምህርቱ ዓለምን የፈጠረ አምላክ አይቀበልም። ዓለም መጀመሪያም መጨረሻም የላትም፤ ነፍሳትም ቁጥር የላቸውም። በሰውና በእንስሳ ብቻ ሳይሆን በዕፀዋት፣ በአፈር፣ በውሃ፣ በእሳትና በነፋስ ውስጥም ነፍስ አለ። ካርማ በሌሎቹ የሕንድ ሃይማኖቶች የሥራ ውጤት ሆኖ ሲታይ፣ ጃይኖች ግን በነፍስ ላይ የሚጣበቅ እጅግ ረቂቅ ቁስ አካል አድርገው ያስተምራሉ፤ ነፍስን የሚያከብዳትና ወደ ዳግም ልደት የሚጎትታት እርሱ ነው። ከዚህ ቁስ ለመንጻት ነፍስ ያለውን አለመጉዳት፣ ማለትም አሂምሳ፣ የሁሉም ሥርዓት ራስ ሆነ። እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ከፍትወት ርቆ ንጽሕናን መጠበቅና ሀብት አለማካበት አብረውት የሚቆሙ ቃል ኪዳኖች ናቸው።

መነኮሳቱ እነዚህን አምስቱን ያለ ምንም ቅናሽ ይፈጽማሉ። በአንድ ስፍራ አይረጉም፤ ተሽከርካሪ አይሳፈሩም፤ ከከተማ ከተማ በባዶ እግራቸው ይሄዳሉ። ፀጉራቸውን በእጃቸው ይነጫሉ። ሕይወት ያለውን ሳይረግጡ ለመቀመጥ መሬቱን በለስላሳ መጥረጊያ ቀስ ብለው ይጠርጋሉ፤ ከፊሎቹም ሲናገሩ በአየር ላይ ያሉትን እንዳይጎዱ አፋቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ። የዝናቡ ወራት ሲገባ ምድር በትልና በቡቃያ ስለምትሞላ፣ አራት ወር ያህል ከአንድ መንደር ሳይወጡ ምእመናኑን ያስተምራሉ። እሳት ስለማያነዱ ምግብ አያበስሉም፤ ከየቤቱ ጥቂት ጥቂት ይቀበላሉ እንጂ ለእነርሱ ተብሎ የተዘጋጀ ማዕድ አይወስዱም። እንግዲህ የሚመግባቸው ሰው በሌለበት የጃይን ምንኩስና አንድ ቀን እንኳ ሊቆም አይችልም።

ምእመናኑ ያንኑ ቃል ኪዳን በሚችሉት መጠን ያከብራሉ፤ ይህም የኑሮ መተዳደሪያቸውን ሳይቀር ወስኖታል። ማረስ በአፈር ውስጥ ያሉትን ስለሚገድል ብዙዎቹ ወደ ንግድ፣ ወደ ገንዘብ ማበደርና ወደ ከበሩ ድንጋዮች ሥራ አዘነበሉ፤ ሆኖም በካርናታካና በማሃራሽትራ ከጥንት ጀምሮ የሚያርሱ ጃይኖች ስላሉ ሁሉንም ነጋዴ አድርጎ መሳል ስህተት ነው። በጉጃራት ያረጁና የታመሙ ከብቶች የሚጦሩባቸው ማቆያዎች፣ በዴልሂ ከቀዩ ምሽግ ፊት ለፊት ያለው የአእዋፍ ሆስፒታልም የዚሁ እምነት ፍሬዎች ናቸው።

በማዕዳቸው ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አይቀርብም። አጥባቂዎቹ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮትም አይበሉም፤ ሥር ሲነቀል ተክሉ በሙሉ ይሞታል፣ በውስጡም ቁጥር የሌላቸው ነፍሳት ያድራሉ ተብሎ ይታመናልና። ትንኝና ሌሎች ጥቃቅን ሕያዋን በጨለማ ወደ ምግቡ እንዳይገቡ እራት ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ይበላል። ወተት ግን በልማድ የተፈቀደ ነው። ጾም ሲባል ከፍስክ ምግብ መታቀብ ለሚታየው ኢትዮጵያዊ አንባቢ የጃይኖች ጾም እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ ምክንያቱም በጾማቸው ቀን ከተፈላ ውሃ በቀር ምንም አይቀምሱም፤ አንዳንዶች ውሃውንም ይተዋሉ። ታላቁ የጾም ወቅት ፓሪዩሻና ሽቬታምባራ በሚባለው የጃይኖች ወገን ዘንድ ስምንት ቀን ሲሆን፣ በመጨረሻው ዕለት ቤተሰብ፣ ጎረቤትና የንግድ ሸሪክ ሁሉ እያወቁም ሳያውቁም ላደረሱት በደል እርስ በርስ ይቅርታ ይጠያየቃሉ። በሕንድ ሃይማኖቶች የዓመት ዑደት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ልብ የሚነካ ሥርዓት ማግኘት ያስቸግራል።

ሃይማኖቱ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ተከፍሏል። የዲጋምባራ መነኮሳት ልብስንም እንደ ሀብት ቆጥረው ራቁታቸውን ይኖራሉ፤ ሴት ዳግም ወንድ ሆና ካልተወለደች ነፃ አትወጣም ይላሉ። የሽቬታምባራ መነኮሳት ነጭ ይለብሳሉ፤ ለሴት መንገዱ ክፍት ነው የሚሉት እነዚህ ወገኖች 19ኛዋ ቲርታንካራ ማሊ ሴት እንደ ነበረች ያምናሉ፤ ዛሬም መነኮሳይቶቻቸው ከመነኮሳቱ በቁጥር ይበልጣሉ።

ሀብት ማካበትን የሚነቅፈው ትምህርት የነጋዴውንና የሹሙን ገንዘብ ወደ ልግስና መራው። በራጃስታን አቡ ተራራ ላይ ያለውንና እ.ኤ.አ. በ1031 የታነጸውን የነጭ እብነ በረድ ቤተ መቅደስ ያሠራው ቪማል ሻህ የተባለ ሹም ነው። በደቡብ፣ በሽራቫናቤላጎላ ኮረብታ ላይ፣ የጋንጋ ነገሥታት ሹም የነበረው ቻቩንዳራያ በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስቀረጸው የሪሻባ ልጅ የባሁባሊ ሐውልት ከአንድ ወጥ ድንጋይ የወጣ ሲሆን፣ ከ17 ሜትር በላይ ቁመት አለው። በየ12 ዓመቱ ገደማ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በወተት፣ በእርድና በሰንደል ይታጠባል። በጃይሳልመርና በፓታን ያሉት ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በዘንባባ ቅጠል ላይ የተጻፉ ጥንታዊ መጻሕፍትን፣ የሌሎችን ሃይማኖቶች ጭምር፣ ከጥፋት ጠብቀዋል።

በዘመናችን ብዙ ያከራከረው ልማድ ሳሌካና ነው፤ ሞቱ የቀረበ ሰው በመምህሩ ፈቃድ ምግብን፣ ኋላም ውሃን ቀስ በቀስ ትቶ የሚያርፍበት ሥርዓት ነው። የራጃስታን ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 ራስን ከማጥፋት ጋር አንድ አድርጎ ሲከለክለው ጃይኖች በየከተማው ሰልፍ ወጡ፤ በዚያው ወር የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አገደው። ራስን ማጥፋት ከስሜት የሚመነጭ ሲሆን ሳሌካና ግን ስሜት ሁሉ ከበረደ በኋላ የሚፈጸም ነው የሚለው የጃይኖች ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም።

ከጉጃራት የተነሡ ጃይኖች በኬንያ፣ በብሪታንያና በአሜሪካ ሰፍረዋል። መነኮሳቱ ግን በእግር ብቻ ስለሚጓዙ ባሕር ተሻግረው ሊከተሏቸው አልቻሉም። አቻርያ (መምህር) የሚል ማዕረግ የነበራቸው መነኩሴ ሱሺል ኩማር እ.ኤ.አ. በ1975 በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ሲሄዱ ከባድ ተቃውሞ ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ከሽቬታምባራ ቅርንጫፎች አንዱ የሆነው የቴራፓንት ወገን መሪ አቻርያ ቱልሲ፣ ከሙሉ ምንኩስና ዝቅ ያለ፣ መሳፈርና ውጭ አገር ሄዶ ማስተማር የተፈቀደለት አዲስ ማዕረግ አቋቋሙ፤ በስደት ያሉትን ምእመናን እየዞሩ ከሚያስተምሩት መካከል ነጭ ለባሾቹ የዚህ ማዕረግ ሴቶች ይገኙበታል።