የፒስኮር መምህር በደጋ አገር

በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ያደገ አንድ ትውልድ የውጭ አገር መምህርን የሚያውቀው «ፒስኮር» በሚል ስም ነው። የሰላም ጓድ ተብሎም ይጠራል። በ1961 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ. ኬኔዲ ትእዛዝ የተቋቋመ የአሜሪካ መንግሥት የበጎ ፈቃድ ድርጅት ሲሆን፣ በዓመቱ ከ270 የሚበልጡ ወጣቶችን ወደ ኢትዮጵያ ላከ። አብዛኞቹ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲያስተምሩ የመጡ ነበሩ። የኢትዮጵያው ቡድን የመጀመሪያ ኃላፊ ሃሪስ ዎፎርድ በኋላ የፔንሲልቫኒያ ሴናተር ሆነዋል። ወሊሶ ላይ ያስተማሩት ፖል ሶንጋስም ሴናተር ከሆኑ በኋላ በ1992 ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ ለመሆን ተወዳድረዋል።

አፍሪካ ሲባል ሙቀት ጠብቆ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ያድራል። ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥረው መምህር፣ በጎኑ መጽሐፍና ስንቅ ተሸክሞ የሚሮጠውን ልጅ እያየ ይደነቃል። ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ባቄላው ግን አይበስልም፤ በከፍታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ነው። ማታ ጋቢ ተከናንቦ የተማሪ ደብተር ማረም ለአብዛኞቹ የሁለት ዓመት ልማድ ይሆናል።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ ጭቃ ምርግ፣ ቆርቆሮ ክዳን ነው። የመማሪያ ክፍሉም ክዳን ቆርቆሮ ስለሆነ በረዶ ሲጥል የመምህሩ ድምፅ አይሰማም። ያኔ ጠመኔውን አንሥቶ የቀረውን በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹም ይገለብጣሉ። ዝናቡ እስኪያባራ አንድም ቃል ሳይነገር ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ይችላል።

ሰዓቱም ሌላ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ በእንግዳው የእጅ ሰዓት ግን ስምንት ይላል። ቀጠሮ በያዘ ቁጥር «በሐበሻ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ ይለምዳል። ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆኑን የሚማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከምግብ ቤት ነው። ሁዳዴ ሲገባ የትንሽ ከተማ ሥጋ ቤት ይዘጋል፤ እሱም ከጎረቤቱ ጋር ሽሮ ይበላል። ቋንቋውን በሥልጠና ጀምሮ ቢመጣም «አንተ» እና «እርስዎ»ን የሚለየው አንድ ቀን አዛውንት ጎረቤቱን «አንተ» ብሎ ከሳተ በኋላ ነው። ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «እ» ሲለው ደግሞ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ የታመመ ይመስለዋል። አዎን ማለት እንደሆነ ሲገባው ግን ራሱም ሳያውቀው ማድረግ ይጀምራል።

ሴት መምህርት ስትሆን ጎረቤት ይበልጥ ይጨነቃል፤ «ብቻዋን እንዴት ታድራለች?» ተብሎ ልጅ አብራት እንድታድር የምትላክበት ጊዜ አለ። ብቻዋን መሆን የምትፈልግ ወጣት ይህን እንደ ጫና ልታየው ትችላለች፤ ለላኪዎቹ ግን የእንግዳ አደራ መጠበቅ ነው።

ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ሌላ ወሬ ነው። መምህሩ ሲገባ ተማሪው ሁሉ ብድግ ይላል። ስሙ ይቀርና «ሚስተር» ይሆናል፣ ሴቷም «ሚስ»። አንድ መጽሐፍ ለብዙ ልጅ ስለሚዳረስ ዋናው መጽሐፍ ሰሌዳው ነው። ተማሪው ደግሞ ቃል በቃል መሸምደድን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማትሪክም በዚያ የሚያልፍ ይመስለዋል። «አንተስ ምን ታስባለህ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር መጀመሪያ መልሱን የማያውቅ ሆኖ ይታየዋል። በእኔ እምነት ፒስኮሮች ካስተማሩት ሰዋስው ይልቅ ይህ ጥያቄ ረዥም ዕድሜ ኖሯል።

ስለ ተማሪዎቻቸው ኑሮ የሚያውቁት ከሰኞ ቀሪዎች ነው። ብዙው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የገጠር ልጅ ነው፤ ከሌሎች ሦስት አራት ልጆች ጋር አንድ ክፍል በጋራ ይከራያል። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ለሰዓታት በእግሩ ተጉዞ ቤተሰቦቹ ዘንድ ይሄድና በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ተሸክሞ ይመለሳል። መንገዱ ከራቀ ወይም ወንዝ ከሞላ ሰኞ አይደርስም። ሰነፍ ብሎ ስሙን የመዘገበ መምህር ምክንያቱን የሚያውቀው የልጁን ማደሪያ ሄዶ ሲያይ ነው፦ መሬት ላይ የተነጠፈ ሰሌን፣ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ የስንቅ ከረጢት፣ አራት ልጅ ተራ በተራ የሚያነብበት አንድ ኩራዝ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በብዙ ከተሞች ተደጋግሟል። መምህሩ ከግቢው አንዷን ክፍል ለተማሪ ይሰጣል። ልጁ ውኃ ይቀዳል፣ ገበያ ይሄዳል፣ አማርኛ ያርማል፤ ማታ በመምህሩ መብራት ያጠናል። ከዚህ ዝምድና ደብተርና ዩኒፎርም የተገዛላቸው፣ ኮሌጅ የገቡ፣ አንዳንዶቹም አሜሪካ የተሻገሩ አሉ። ስለ ፒስኮር ሲጻፍ ሪፖርቱ የሚቆጥረው መምህራንን ነው፤ መቆጠር የነበረበት ግን የግቢው ልጅ ይመስለኛል።

ሁሉም በፍቅር አልተቀበላቸውም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ሲጋጋል «ፒስኮር ይውጣ» የሚል ጥያቄ ተነሥቷል፤ ቬትናምን ያየ ወጣት የአሜሪካን መንግሥት ከላከው መምህር ለይቶ ለማየት ተቸግሮ ነበር። በ1977፣ በደርግ ዘመን፣ ድርጅቱ ከአገር ወጣ። በ1995 ተመልሶ በኤርትራ ጦርነት ምክንያት በ1999 ተቋረጠ፤ በ2007 እንደገና መጣ። መጋቢት 2020 ላይ በኮሮና ምክንያት በዓለም ዙሪያ ያሉ ፈቃደኞቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲጠሩ ትምህርት ቤቶችም በዚያው ሳምንት ተዘጉ። ሴሚስተሩ አልተጋመሰም ነበር፤ ያልታረመ የፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጥለው፣ የጎረቤትን የስንብት ቡና ሳይጠጡ የሄዱ መምህራን ነበሩ።