በቅሎ ጉግስ ስትገባ፦ ከባዱ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ከስፖርት መኪኖች ጋር

ድሮ መኳንንቱ ሩቅ አገር ሲሄዱ የሚቀመጡት በቅሎ ላይ ነበር። ፈረሱ ከጎን ይሳባል። ፈረስ ላይ የሚወጣው ጦርነት ወይም ጉግስ ሲመጣ ነው። የበቅሎ እርምጃ ለስላሳ ነው፤ ወገብ አይጎዳም። ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ሳትደነግጥ ታልፈዋለች። ፈረስ ግን ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይዞራል፣ ቶሎ ይቆማል። ሁለቱም የተከበሩ ነበሩ፤ ስራቸው ግን ለየቅል ነው።

በመኪናም ዓለም እንዲሁ ነው። ስፖርት መኪና ፈረሱ ነው። በቅሎዋ ደግሞ ግራንድ ቱረር ትባላለች፤ ባጭሩ ጂቲ። ቃሉ የመጣው ከጣሊያንኛው ግራን ቱሪዝሞ ነው፤ "ታላቅ ጉዞ" እንደ ማለት። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ይዞ፣ በአንድ ቀን አገር አቋርጦ፣ ማታ ሳይደክም የሚያደርስ ፈጣን መኪና ማለት ነው። ከኋላ ሁለት ትንንሽ ወንበሮች አይጠፉም። በሩ ብዙ ጊዜ ሁለት ነው።

ከዚህ ቤተሰብ በክብደቱም በምቾቱም ጎልቶ የሚታየው የእንግሊዙ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ነው። "ይሄ ነገር ኩርባ ላይ እንዴት ይሆናል?" ለሚለው ጥያቄም ከሱ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ የቆየ ነው። የመጀመሪያው ኮንቲኔንታል፣ አር ታይፕ የሚባለው፣ የወጣው በ1952 ነው። አራት ሰው እየጫነ በሰዓት ወደ 190 ኪሎሜትር ይሮጥ ነበር። ለዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተሰራው 208 ብቻ ነው። የሚገርመኝ፣ ያኔም ራስ ምታቱ ክብደት ነበር። የዘመኑ ጎማ ያን ፍጥነት ከብዙ ክብደት ጋር አይችለውም። ስለዚህ ቦዲውን ከአሉሚኒየም ሰርተው ቀነሱለት።

አሁን የምናውቀው ኮንቲኔንታል ጂቲ የተወለደው በ2003 ነው። ቮልስዋገን በ1998 ቤንትሌይን ከገዛ በኋላ ክሩው በሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ያለውን ፋብሪካ አደሰው። መኪናው የቆመበት መሠረት ከቮልስዋገን ፌቶን ጋር የጋራ ነው። ፌቶን ደግሞ ትልቅ የቤት መኪና ነው። ሞተሩ 6 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር፣ ሁለት ቱርቦ። ጉልበቱ 560 የፈረስ ጉልበት። በአራቱም ጎማ ይነዳል። ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 318 ኪሎሜትር ነው። ክብደቱስ? 2,385 ኪሎ።

ይህን ቁጥር ያዙት። በ1996 የወጣው ትንሹ ስፖርት መኪና ሎተስ ኢሊስ ወደ 725 ኪሎ ነበር የሚመዝነው። ሦስት ኢሊስ ተደምሮ አንድ ቤንትሌይን አይሞላም።

ክብደት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ብዙም አያስቸግርም፤ ትልቅ ሞተር ይሸፍነዋል። ጉዱ የሚወጣው መሪ ሲዞር ነው። መቶ ሜትር ሬዲየስ ያለውን ኩርባ በሰዓት 100 ኪሎሜትር እንግባ እንበል። 1,435 ኪሎ የሚመዝነውን ፖርሽ 911 ጂቲ3 (ስሙ ጂቲ ቢልም ስፖርት መኪና ነው) መስመሩ ላይ ለማቆየት ጎማዎቹ ወደ 11 ሺህ ኒውተን የሚጠጋ የጎን ጉልበት ማውጣት አለባቸው። 2,244 ኪሎ የሚመዝነው የ2018ቱ ኮንቲኔንታል ደግሞ ከ17 ሺህ በላይ ይፈልጋል። ኩርባው አንድ፣ ፍጥነቱም አንድ፤ የጎማው ስራ ግን ከግማሽ በላይ ጨመረ።

"ታዲያ ሰፋ ያለ ጎማ ማድረግ ነዋ!" ይባል ይሆናል። ያደርጋሉም። ነገር ግን ባለ 22 ኢንች ቸርኬው ኮንቲኔንታል የኋላ ጎማው ስፋት 315 ሚሊሜትር ነው። የጂቲ3ቱም 315 ነው! ከዚህ በላይ እየሰፋ ቢሄድ መሪው ይከብዳል፣ ዝናብ ላይ ጎማው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፣ ድምፁም ይጨምራል። ሌላም ነገር አለ። ጎማ ላይ የሚጫነው ክብደት እጥፍ ሲሆን መንገድ የመያዝ አቅሙ እጥፍ አይሆንም። ይጨምራል፣ ግን እያነሰ ነው የሚጨምረው። ኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ ውጪኛው ጎማ ሲጋደል ያ ጎማ ከተሸከመው ጋር የሚመጣጠን መያዣ አይኖረውም። ከባድ መኪና ኩርባ ላይ የሚሸነፍበት ዋናው ምስጢር ይህ ነው።

ከዚያ ክብደቱ የት ነው የተቀመጠው የሚለው ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች ያ ግዙፍ ሞተር በአብዛኛው ከፊት ጎማዎቹ መስመር ቀድሞ፣ አፍንጫው ላይ ነበር የተንጠለጠለው። ሁለት ጀሪካን ውሃ በእንጨት ጫፍና ጫፍ አንጠልጥሎ ትከሻው ላይ የተሸከመ ሰው ዞር ለማለት ሲሞክር ምን እንደሚሆን አስቡት። መጀመሪያ እንቢ ይላል። መዞር ከጀመረ በኋላ ደግሞ አልቆምም ይላል። ጀሪካኖቹን ደረቱ ላይ አቅፎ ቢይዛቸው ግን እንደ ልቡ ይዞራል። መሐል ላይ ሞተር ያለው ስፖርት መኪና ያቀፈው ሰውዬ ነው። የ2003ቱ ቤንትሌይ እንጨት የተሸከመው ነው።

ስለዚህ ያ መኪና በፍጥነት ኩርባ ሲገባ የሚያሳየው ጠባይ የታወቀ ነው። መሪው ይዞራል፤ አፍንጫው ግን ትንሽ ወደ ውጪ መግፋት ይፈልጋል። የፊት ጎማዎቹ ቀድመው ይደክማሉ። ጉልበቱም ለፊትና ለኋላ እኩል ይከፋፈል ስለነበር፣ ነዳጅ ሲሰጠው የፊት ጎማ መሳብም መታጠፍም ይጠየቃል። በሁለተኛው ትውልድ፣ በ2011፣ 40 በመቶው ለፊት፣ 60 በመቶው ለኋላ ሆነ። ተሻሻለ። በ2012 ቀለል ያለው ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ሲመጣ ደግሞ አፍንጫው ይበልጥ ታዛዥ ሆነ። እኔ ከእነዚያ ሁለት ትውልዶች ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ባለ 8ቱን ነው የማነሳው።

እንግዲህ ስፖርት መኪና ምን ይሰጣል? ፍጥነት ብቻ አይደለም። ኢሊስ ላይ መሪው አጋዥ ፓምፕም ሞተርም የለውም። ጎማው ጠጠር ሲረግጥ እጅ ያውቀዋል። መያዣው ሊያልቅ ሲል መሪው ቀለል ይላል። ማዝዳ ኤምኤክስ 5ን ብንወስድ ጉልበቱ ብዙ አይደለም። ወደ አንድ ቶን ብቻ ስለሚመዝን ግን የተነገረውን ወዲያው ያደርጋል። በተከታታይ ግራ ቀኝ ኩርባ ላይ ይህ በጣም ይታወቃል። ከባዱ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ሲገላበጥ ክብደቱ እስኪከተለው መጠበቅ አለ። ያቺ ቅጽበት ትንሽ ናት፤ ልዩነቱ ግን እዚያ ነው ያለው።

ፍሬኑንም እንይ። 2,244 ኪሎ በሰዓት 200 ኪሎሜትር ሲሮጥ የያዘው ኃይል ወደ 3.5 ሚሊዮን ጁል ነው። ይህ አስር ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፍሬን ላይ ይራገፋል። ጂቲ3 ከዚያው ፍጥነት ቢቆም ስድስት ሊትር ተኩል ያህል ነው የሚያፈላው። ለዚህ ነው የቤንትሌይ የፊት ዲስክ የምጣድ ያህል የሚሆነው፤ በ2003 እንኳ 405 ሚሊሜትር ነበር። አንድ ጊዜ ለማቆም ከበቂ በላይ ነው። ውድድር ሜዳ ላይ ዙር በዙር ሲደጋገም ግን ሙቀቱ የሚሄድበት ያጣል።

ክብደት ግን እዳ ብቻ ነው ማለት ስህተት ነው። ባዶ የጭነት መኪና ላይ የተሳፈረ ያውቀዋል፤ ይነጥራል። ያው መኪና ሲጫን ይረጋጋል። ነገሩ ከጎማና ከቸርኬው ክብደት አንጻር በሞላው ላይ ያለው አካል ስንት እጥፍ ነው የሚለው ነው። ከላይ ያለው በከበደ ቁጥር ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ከላይ ያለውን የማንቀጥቀጥ አቅሙ ያንሳል። በዚያ ላይ ኮንቲኔንታል የሚቀመጠው በአየር ሞላ ላይ ነው። በሰዓት 200 ላይ የጎን ነፋስ ሲመታው ብዙም አይወዛወዝም። ጂቲ3ን አምስት ሰዓት ነድቶ የወረደና ኮንቲኔንታልን አምስት ሰዓት ነድቶ የወረደ ሰው አንድ ወገብ አይኖራቸውም። መኪናው የተሰራው ለዚህ ነው። ኩርባ ላይ ብቻ አስገብቶ መፍረድ በቅሎን በጉግስ መመዘን ነው።

አነዳዱም ይለያል። ከባድ ጂቲን እንደ ስፖርት መኪና ፍሬን ይዞ ኩርባ ውስጥ መወርወር አይመከርም። ፍሬኑ ቀጥታው ላይ፣ ቀደም ብሎ ይያዛል። ከዚያ መሪው አንድ ጊዜ፣ በለስላሳ እጅ ይዞራል። መኪናው ወደ ውጪ ተጋድሎ እስኪቀመጥ ትንሽ ይታገሱታል። ከተቀመጠ በኋላ ነዳጅ ነው። አራቱም ጎማ መሬት ይቧጥጣል፤ መኪናው ከኩርባው ተስፈንጥሮ ይወጣል። ብዙ ስፖርት መኪኖች በእርጥብ አስፋልት ላይ ይህን ድፍረት አይሰጡም። መግቢያው ላይ የተበደረውን መውጫው ላይ ይከፍላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በሦስተኛው ትውልድ ነው። በ2017 ይፋ ሆነ። መሠረቱ በዚህ ጊዜ ከፖርሽ ፓናሜራ ጋር የጋራ ነው። የፊት ጎማዎቹ መስመር 135 ሚሊሜትር ወደ ፊት ተገፋ። ይህቺ ከአንድ ስንዝር በታች ናት፤ ግን ሞተሩ ከአፍንጫው ወደ ደረቱ ገባ ማለት ነው። ሰውየው ጀሪካኑን ማቀፍ ጀመረ! በተለመደው አነዳድ ጉልበቱ በአብዛኛው ወደ ኋላ ጎማ ይሄዳል፤ ፊቱ የሚጠራው ሲያስፈልግ ነው።

ሌላው ደግሞ ባለ 48 ቮልቱ ዘዴ ነው። ማንኛውም መኪና ሁለቱን ጎማ የሚያያይዝና ኩርባ ላይ እንዳይጋደል የሚይዘው ብረት አለው። ብረቱ ወፍራም ከሆነ መኪናው አይጋደልም፤ መጥፎ መንገድ ላይ ግን ይንጣል። ቀጭን ከሆነ ምቾቱ ይጨምራል፤ ግን ይጋደላል። ቤንትሌይ ብረቱ መሐል ላይ የኤሌክትሪክ ሞተር አስገባ። ቀጥታ መንገድ ላይ ለቀቅ ያደርገዋል። ኩርባ ሲመጣ በ0.3 ሰከንድ ውስጥ እስከ 1,300 ኒውተን ሜትር ጉልበት አውጥቶ መኪናውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል። በ2021 የመጣው ስፒድ የሚባለው ዓይነት ደግሞ የኋላ ጎማዎቹም የሚታጠፉ ሆኑ። በዝግታ ሲሄድ ከፊት ጎማ በተቃራኒ ይዞራሉ፤ መኪናው ያጠረ ይመስላል። በፍጥነት ሲሄድ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፤ ይረጋጋል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ክብደቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም። ጎማው ያውቀዋል፤ ፍሬኑም ያውቀዋል።

ቢሆንም በቅሎዋ አንድ ጊዜ ጉግሱን አሸንፋለች። በ2019 በአሜሪካ ኮሎራዶ ፓይክስ ፒክ በተባለው ተራራ ላይ ነው። መንገዱ 20 ኪሎሜትር፣ 156 ኩርባ፤ ማብቂያው 4,302 ሜትር ላይ ነው። ከራስ ዳሽን ብዙም አያንስም። ሪስ ሚለን የነዳው ባለ 12 ሲሊንደር ኮንቲኔንታል ጂቲ በ10 ደቂቃ ከ18.488 ሰከንድ ወጣው። ለገበያ በሚመረቱ መኪኖች ዘርፍ ክብረ ወሰኑን ከፖርሽ 911 ቱርቦ ኤስ ነጠቀው። እርግጥ ውስጡ ተራግፎ፣ የመከላከያ ብረት ገብቶለት፣ የውድድር ጎማ ተደርጎለት ነው። ስፍራውም ያግዘዋል። ዳገት ላይ ፍሬን እምብዛም አይሰቃይም። ቱርቦውም አየር በሳሳበት ከፍታ ላይ ጉልበት እንዳይጠፋ ይረዳል። እንደዚያም ሆኖ 156 ኩርባ ቀልድ አይደለም።

የውድድር ሜዳው መኪና ግን ሌላ ታሪክ ነው የሚነግረን። ኮንቲኔንታል ጂቲ3 የሚባለው የቤንትሌይ የውድድር መኪና በ2020 በአውስትራሊያ የባተርስት 12 ሰዓት ውድድርን አሸነፈ። ከ1,300 ኪሎ በታች ነው፤ ከመንገዱ መኪና ከ900 ኪሎ በላይ ተቀንሶለታል። የሚነዳውም በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ስሙና መልኩ አንድ ሆኖ፣ ጠባዩ ግን ወደ ፈረስ ተለውጧል።

በ2024 የመጣው አራተኛው ትውልድ ወደ ሌላኛው አቅጣጫ ሄደ። ባለ 8 ሲሊንደር ሞተርና ኤሌክትሪክ ሞተር አንድ ላይ 782 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ባትሪው ከኋላ ስለተቀመጠ የክብደቱ ክፍፍል ለፊት 49፣ ለኋላ 51 በመቶ ሆነ። የ2003ቱን አፍንጫ ለሚያስታውስ ይህ ተአምር ነው። ጠቅላላ ክብደቱ ግን 2,459 ኪሎ ደረሰ። ከመጀመሪያውም ባሰ!

ከዚያ በ2025 መጨረሻ ቤንትሌይ ሱፐርስፖርትስ የተባለውን ዓይነት ይፋ አደረገ። 500 ብቻ ነው የሚሰራው። ባትሪውና ኤሌክትሪክ ሞተሩ ወጡ። የኋላ ወንበሮቹ ወጡ። የፊት ጎማን የሚነዳው ክፍልም ወጣ። የቀረው ጉልበት 666 ነው፤ ከሌላው ያንሳል። ክብደቱ ግን ከሁለት ቶን በታች ወርዷል።