በሕንድ ውዝዋዜ «ክላሲካል» ማለት ምን ማለት ነው?

«ክላሲካል» የሚለውን ቃል «ጥንታዊ» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያሳስታል፤ ቃሉ በሕንድ የውዝዋዜ ዓለም ከዕድሜ ይልቅ የዕውቅና ማዕረግን ያመለክታል። ሳንጊት ናታክ አካዳሚ የተባለው ብሔራዊ ተቋም ይህን ማዕረግ የሰጠው ለስምንት ውዝዋዜዎች ነው። የአገሪቱ የባህል ሚኒስቴር ደግሞ ቻኡ የተባለውን ውዝዋዜ ጨምሮ ዘጠኝ ይቆጥራል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከጽሑፍ ጽሑፍ ቢለያይ የግድ ስሕተት አይደለም። በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም ገዳማት ለዘመናት ሲከወን የኖረው ሳትሪያ እንኳ ዕውቅናውን ያገኘው በ2000 እ.ኤ.አ. ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው ባራታናትያም የተባለው ውዝዋዜ ጉዳይ ነው። ጉልበቶቹን ወደ ውጭ ከፍቶ በግማሽ ቁጭታ እግርን መሬት ላይ መምታት፣ አራት ጣቶችን ገጥሞና ዘርግቶ አውራ ጣትን ማጠፍ፣ መምህሩ በእንጨት ላይ በዱላ የሚመታውን ምት መከተል፣ እነዚህ ሁሉ በደቡብ ሕንድ ከሚገኘው ከታሚል አገር ቤተ መቅደሶችና አብያተ መንግሥት የወረዱ ናቸው። ስሙ ግን የተስፋፋው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፤ ቀድሞ ሳዲር ይባል ነበር። የለውጡ አራማጆች፣ በ1936 ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት የመሠረቱትን ሩክሚኒ ዴቪን ጨምሮ፣ ውዝዋዜውን ከፍ ካሉ ቤተሰቦች ለመጡ ሴቶች መድረክ አመቻቹት። ጥበቡን ጠብቀው ያቆዩት ዴቫዳሲዎች፣ ማለትም ለቤተ መቅደስ የተሰጡ ሴቶች፣ በአንጻሩ ወደ ዳር ተገፉ፤ በ1947ም በደቡብ ሕንድ የነበረው የማድራስ ክፍለ ሀገር ሕግ ልጃገረዶችን ለቤተ መቅደስ መስጠትን ከለከለ።