ክልል ምንድን ነው? ከዞንስ በምን ይለያል?

ሐዋሳ ካለችበት ሳትነቃነቅ ክልሏ ተቀይሯል። የደቡብ ክልል ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የሲዳማ ክልል መቀመጫ ናት። "ሲዳማ ድሮም ዞን ነበር፤ ክልል ሲሆን ከስሙ ሌላ ምን ተለወጠ?" የሚል ሰው ዛሬም አይጠፋም። ብዙ ነገር ተለውጧል።

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሠረት ክልል የፌዴሬሽኑ አባል ነው። የራሱ ሕገ መንግሥት፣ ምክር ቤትና ፖሊስ አለው። የሥራ ቋንቋውንም ራሱ ይወስናል፤ ሲዳማ ክልል ሲሆን ሲዳምኛን መርጧል። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይና የገንዘብ ኖት ግን የፌዴራሉ ናቸው። ዞንና ወረዳን የሚያደራጀው ደግሞ ክልሉ ነው። ስለዚህ ዞን ሥልጣኑን የሚያገኘው ከክልሉ ነው፤ ክልል ግን ከሕገ መንግሥቱ።

አዲስ ክልል እንዴት ይወለዳል? መንገዱ አንቀጽ 47 ላይ ተቀምጧል። መጀመሪያ የብሔረሰቡ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ወስኖ ጥያቄውን ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ያቀርባል። ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ መካሄድ አለበት። አብላጫው ከደገፈ አዲሱ ክልል ከነባሩ ሥልጣን ይረከባል።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት የወሰነው ሐምሌ 2010 ላይ ነበር። ዓመቱ ሞላ፤ ድምፅ አልተሰጠም። በሐምሌ 2011 ግጭት ተነስቶ ብዙ ሰው ሞተ። ሕግ ቀን ሲቆርጥ ቀኑ መከበር አለበት፤ እዚህ ላይ ቸልተኝነት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ሕዝበ ውሳኔው በመጨረሻ ኅዳር 10 ቀን 2012 ተካሄደ። ሻፌታ (የሲዳማ ባህላዊ የመመገቢያ ዕቃ) ክልል መሆንን፣ ጎጆ ደግሞ በደቡብ ክልል መቆየትን የሚወክሉ ምልክቶች ነበሩ። ከ98 በመቶ በላይ የሚሆነው መራጭ ሻፌታን መረጠ። ሰኔ 2012 ላይ ርክክቡ ተፈጸመና ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ።

ሌሎቹም ተከተሉ። ደቡብ ምዕራብ በ2014 ወጣ። በ2015 ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል "ደቡብ ኢትዮጵያ" እና "ማዕከላዊ ኢትዮጵያ" ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። አሁን ክልሎቹ 12 ናቸው። አዲስ አበባና ድሬዳዋ ግን ክልል አይደሉም፤ የከተማ አስተዳደር ናቸው።

ሐዋሳም "ከተማ አስተዳደር" ስትባል ሰው ከነዚህ ከሁለቱ ጋር ያምታታታል። እሷ ተጠሪነቷ ለሲዳማ ክልል ነው፤ ከሥሯ ክፍለ ከተሞችና ቀበሌዎች አሉ። የቀበሌ መታወቂያ የምታወጡት እዚያው ሰፈራችሁ ነው። ፓስፖርት ግን የፌዴራል ጉዳይ ስለሆነ ክልሉ አይሰጥም።