ቲን ሴክሽን ምንድን ነው?

ጥቁር ድንጋይ ብርሃን ያሳልፋል ቢባል ማን ያምናል? በበቂ መጠን ከሳሳ ግን ያሳልፋል። ከራስ ጠጉር እስኪቀጥን፣ 0.03 ሚሊሜትር ድረስ ተፈግፍጎ፣ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ መስታወት ላይ የተለጠፈ የድንጋይ ቁራጭ ቲን ሴክሽን ይባላል።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ የጂኦሎጂ ተማሪ ይህን የሚሠራው በእጁ ነበር። ከድንጋዩ ስንጣሪ ያነሣና አንዱን ገጽ በኤመሪ ዱቄትና በውኃ ፈግፍጎ ያለሰልሳል። የለሰለሰውን ገጽ በካናዳ በለሳን፣ ማለትም በዛፍ ሙጫ፣ ከመስታወት ጋር ያጣብቅና በሌላው ጎን እንደገና ይጀምራል። ጭንቁ መጨረሻ ላይ ነው፤ ትንሽ ካበዛው ልፋቱ ከውኃው ጋር ታጥቦ ይሄዳል። በቃ የሚለው ኳርትዝ፣ በብዙ ድንጋዮች ውስጥ የሚገኘው ማዕድን፣ ነው። ኒኮል በሚባሉ፣ ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲርገበገብ በሚያደርጉ ሁለት ፕሪዝሞች መካከል ሲታይ ቢጫ ከሆነ ገና ወፍራም ነው፤ ግራጫ ሲመጣ እጅ ይሰብሰብ።

መንገዱን ለድንጋይ ጥናት የከፈተው የሼፊልዱ ሄንሪ ክሊፍተን ሶርቢ ነው። በ1858 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራውን ሲያሳትም፣ ተራራ በማይክሮስኮፕ ይታያል እንዴ ብለው የሳቁበት ነበሩ። ጀርመኖቹ ግን አልሳቁም፦ ዚርክል በላይፕሲግ፣ ሮዘንቡሽ በሃይድልበርግ ከዋና ትምህርት ቆጠሩት። ከሃይድልበርግ ተመርቆ ወደ አሜሪካ የተመለሰው ጆርጅ ሀንቲንግተን ዊሊያምስ ደግሞ በ1883 ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ማስተማር ጀመረ።

እዚያ ከእሱ ከተማሩት አንዷ ፍሎረንስ ባስኮም ናት። ዩኒቨርሲቲው ሴት በይፋ ስለማይቀበል፣ ወንዶቹ ሐሳባቸው እንዳይበተን ተብሎ ከመከለያ ጀርባ ተቀምጣ ትማር ነበር። ለዶክትሬቷ የመረጠችው በፔንሲልቬንያ ያለውን የሳውዝ ማውንቴን ተራራ ድንጋዮች ነው። ብዙዎች ደለል ናቸው ብለው መድበዋቸው ነበር፤ በዓይን ላያቸውም ስህተቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ቲን ሴክሽናቸው ሌላ ነገር አሳየ፦ ቅልጥ ድንጋይ ሲፈስ የሚተዋቸው መስመሮች፣ እንደ ጨረር የተበተኑ ድቡልቡል ክሪስታሎች። ጥንት እንደ መስታወት የነበረ፣ በዘመን ብዛት ወደ ክሪስታል የተለወጠ ላቫ ነበር።

ዶክትሬቷን በ1893 አገኘች። ከሁለት ዓመት በኋላ ብሪን ማውር ኮሌጅ ስትገባ የሰጧት ቦታ ዕቃ ማከማቻ ነበር፤ ድንጋዮቿን እዚያው ደርድራ የጂኦሎጂ ትምህርት ክፍል አቋቋመችበት።