የጃፓን አዛውንቶች የጸደይ ዘፈኖች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወንበሮቹ ክብ ሠርተው ተደርድረዋል። ግጥሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። አንዷ ፒያኖው ጋ ተቀምጣለች። አስተባባሪዋ ደግሞ እያንዳንዱን ስንኝ ተራው ሳይደርስ ቀደም ብላ ጮክ አድርጋ ታነባለች፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ከዜማው እንዳይቀር ነው። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ያነሱታል። መጋቢት ሲገባ በጃፓን የአዛውንቶች መዋያዎች ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነው።

ስለነዚህ ዘፈኖች ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች አሉ። ስህተቶቹ ደግሞ አዛውንቶቹን ራሳቸውን እንዳናያቸው ያደርጉናል። አንድ በአንድ ላንሳቸው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ከጥንት የወረዱ የጃፓን ባህላዊ ዜማዎች ናቸው»

ብዙዎቹ አይደሉም። የትምህርት ቤት መዝሙሮች ናቸው። ጃፓን ዘመናዊ ትምህርት ስትጀምር ልጆቹ የሚዘምሩት ነገር ያስፈልግ ነበር። የመጀመሪያው የመዝሙር መጽሐፍ በ1881 ተዘጋጀ፤ ዜማም ከውጭ ተወሰደ። ስለ ቢራቢሮ የሚዘመረው «ቾቾ» የጀርመን የልጆች ዜማ ነው። በምረቃ ቀን የሚዘመረው «ሆታሩ ኖ ሂካሪ» ከስኮትላንድ የመጣ ነው፤ ፈረንጆች ዘመን ሲለወጥ እኩለ ሌሊት ላይ የሚዘምሩት ያው ዜማ። ለመምህራን ምስጋና የሚቀርብበት «አኦጌባ ቶቶሺ» በ1884 ነው የወጣው። ምንጩ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ1871 አሜሪካ ውስጥ የታተመ መዝሙር መሆኑ የተደረሰበት በ2011 ነው።

«ሳኩራ ሳኩራ» ግን እውነትም የቆየ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ከመምጣቱ በፊት በነበረው በኤዶ ዘመን ኮቶ የሚባለውን ባለ 13 ክር መሣሪያ የሚማሩ ጀማሪዎች ይለማመዱበት ነበር። እስቲ ይህን ዜማ ቀስ ብላችሁ አንጎራጉሩት። አምስቱን ድምፆች ለቅማችሁ፣ ዜማው ከሚያርፍበት ድምፅ ተነስታችሁ ደርድሯቸው። የምታገኙት የእኛን አምባሰል ነው። አንዱ ከሌላው ወሰደ እያልኩ አይደለም። ግን አምባሰል ሲሰማ ያደገ ጆሮ ይህ ዘፈን ባዕድ አይሆንበትም።

«ናፍቆታቸው የገጠር ናፍቆት ነው»

ስለ ጅረትና ስለ መስክ አበባ ስለሚዘፍኑ እንዲህ ይመስለናል። «ሃሩ ኖ ኦጋዋ»ን እንውሰድ፤ «የጸደይ ጅረት» ማለት ነው። በ1912 ለአራተኛ ክፍል ልጆች የወጣ መዝሙር ነው። ውሃው ኮለል እያለ ሲወርድ ዳር ዳር ያሉትን አበቦች «አብቡ፣ አብቡ» እያለ ያንሾካሹክላቸዋል። ጅረቱ የት ነበር ቢባል፣ ግጥሙን ጻፈ የሚባለው ታካኖ ታትሱዩኪ ይኖርበት በነበረው በዮዮጊ በኩል የሚያልፈው ኮሆኔ የሚባል ትንሽ ወንዝ እንደሆነ ይነገራል። ዮዮጊ ዛሬ ሺቡያ ውስጥ ነው፤ ቶኪዮ እምብርት። በ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ ዘመን ወንዙ ተከድኖ መሬት ውስጥ ገባ። አሁን ሐዲዱ አጠገብ የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። ስለዚህ ዕድሜዋን ሙሉ ቶኪዮ የኖረች አሮጊት ይህን ስትዘፍን የገዛ ሰፈሯን እያነሳች ሊሆን ይችላል።

ግጥሙም ቢሆን አንድ አይደለም። መጀመሪያ «ሳራሳራ ናጋሩ» ይል ነበር። በ1942 «ሳራሳራ ኢኩ ዮ» ተባለ። የፊተኛው አነጋገር የድሮ የጽሑፍ ቋንቋ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ደግሞ ያን ገና አልተማሩም። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1947፣ እንደገና ተነካካ። እና በ1931 የተወለዱ እናት በ1938 ከተወለዱት ጎረቤታቸው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱን መዝሙር በሁለት ግጥም ሊዘምሩት ይችላሉ። «ተሳሳቱ እኮ» ብሎ ማረም አይገባም። ሁለቱም የዘመሩት መምህራቸው ያስተማራቸውን ነው።

«ዘፈኑ ጥንቸል ይጣፍጣል ይላል»

ይህንን የሚሳሳቱት የጃፓን ልጆች ራሳቸው ናቸው። የ1914ቱ «ፉሩሳቶ»፣ ማለትም «የትውልድ ቀዬ»፣ «ኡሳጊ ኦይሺ» ብሎ ይጀምራል። «ጥንቸል ያባረርኩበት» ማለት ነው። «ኦይሺ» ግን በዛሬው ጆሮ «ይጣፍጣል» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ነው። አዛውንቶቹ ይህን ሲያነሱ ይሳሳቃሉ። ወደ መጨረሻው ስንኝ ሲደርሱ ግን ሳቁ ይቀራል። «ያሰብኩትን አሳክቼ አንድ ቀን እመለሳለሁ» ይላል። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሐበሻ ለዚህ ስንኝ አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

«ጸደይ ስለሆነ ደስ ደስ የሚል ዘፈን ብቻ ይመረጥ»

በጃፓን የትምህርት ዓመት የሚያልቀው መጋቢት ላይ ነው፤ አዲሱ ሚያዝያ ላይ ይጀምራል። ሠራተኛም ወደ ሌላ ከተማ የሚዛወረው ብዙውን ጊዜ ያኔ ነው። አበባው የሚፈነዳው ሰው በሚሰነባበትበት ሰሞን ነው። እምባ ቢመጣ ዘፈኑ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ሶፍት አቀብሎ መቀጠል ነው።

መዝፈን የመርሳት በሽታን ይፈውሳል የሚሉም አሉ። አይፈውስም። ቤተሰብን በከንቱ ተስፋ ማንገላታት ደግ አይደለም። እውነቱ ሌላ ነው፤ የልጆቻቸው ስም የጠፋባቸው ሰዎች የልጅነት መዝሙር ሲሰሙ ስንኙን ሳያዛንፉ ሊዘልቁት ይችላሉ። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። «ድምፄ ሄዷል» ለሚሉት ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዜማውን በፒያኖው ወደ ወፍራሙ ድምፅ ዝቅ አድርጎ መምታት። ከዕድሜ ጋር በተለይ የሴቶች ድምፅ ይወፍራል፤ ለልጅ ቀጭን ድምፅ የተሠራ ዜማ አይመቻቸውም።

«አዛውንት ሁሉ የልጆች መዝሙር ይወዳል»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። የ75 እና የ95 ዓመት ሰው አንድ ትውልድ አይደሉም። በ1950ዎቹ ወጣት የነበሩት «ኡታጎኤ ኪሳ» በሚባሉ ቡና ቤቶች ተሰብስበው አንድ ላይ ይዘፍኑ ነበር። ከሚወዱት አንዱ የሩሲያው «ካትዩሻ» ነው፤ እሱም የሚጀምረው በአፕል አበባ ነው። በ1950 የተወለደች ሴት ደግሞ ሳካሞቶ ክዩ «ኡኤ ኦ ሙይቴ አሩኮ»ን በ1961 ሲዘፍን የ11 ዓመት ልጅ ነበረች። እንባው እንዳይፈስ ቀና ብሎ የሚሄድ ሰው የጸደይ ቀንን ሲያስታውስ ነው ዘፈኑ። በ1963 አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ቢትልሶች ቶኪዮ ወዳለው ቡዶካን አዳራሽ መጥተው ሲዘፍኑ፣ በ1966፣ 16 ሆኗታል። ይህቺን ሴት «ቢራቢሮ፣ ቢራቢሮ» ብቻ እያሉ ማዘመር ንቀት ነው።

የተወለደችበትን ዓመት መጠየቅ ይበቃል። በ27 ዓመቷ፣ በ1977፣ ሴን ማሳኦ «ኪታጉኒ ኖ ሃሩ»ን አወጣ፤ «የሰሜን አገር ጸደይ»። ከተማ የገባ ልጅ ከእናቱ የተላከ ትንሽ ጥቅል ይደርሰዋል። ከዚያ ወደ አገሬ ልመለስ ይሆን እያለ ያስባል።