ስለ ጣናው ነጭ ዓሣ የሚወራውና እውነታው

ባሕር ዳር ዓሣ ስትጠይቁ ሦስት ስም ትሰማላችሁ፤ ቀረሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ ካርፕ የሚባለው የጨው አልባ ውኃ ዓሣ ቤተሰብ ነው። ስለ እሱ ብዙ ይወራል፣ ግማሹ ግን ልክ አይደለም።

«አጥንት ብቻ ነው፣ አይበላም»

አጥንት ይበዛበታል፣ አይካድም። ሥጋው መሀል ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ የካርፕ ዘመዶች በዚህ ይታወቃሉ። መላው ቀላል ነው። ጎንና ጎኑን በቢላ ጠጋ ጠጋ አድርጎ መተልተል፣ ከዚያ በደንብ በጋለ ዘይት መጥበስ። ቀጫጭኖቹ ደርቀው ከሥጋው ጋር ይታኘካሉ።

«ጢም ስላለው የአምባዛ ዘመድ ነው»

አይደለም። ነጭ ዓሣ ቅርፊት አለው፣ አምባዛ የለውም። ጢሙ ምግብ እየዳሰሱ መፈለጊያ ነው።

«ያው አንድ ዓይነት ዓሣ ነው፣ ጭቃ ለጭቃ የሚለቅም»

ይሄኛው ነው በጣም የሚገርመኝ። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የጭንቅላቱን ቅርፅ፣ አፉንና ምግቡን አይተው ጣና ላይ 15 ያህል ዝርያ ለይተዋል። አብዛኞቹ ከጣና ውጭ የትም አይገኙም። ከሐይቁ ወረድ ብሎ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ አለ፤ 40 ሜትር ያህል ነው፣ ከታች ያለ ዓሣ አይወጣውም። እዚያው ተዘግተው በየፊናቸው ተለያዩ። አንዱ ከንፈሩ ወፍራም ነው፣ ከታች የነፍሳት እጭ ይለቅማል። ሌላው ቀንድ አውጣ ይበላል። ስምንቱ ደግሞ ጭራሽ ዓሣ አዳኝ ናቸው። የካርፕ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ጉሮሮው ውስጥ ነው። በዚህ አፍ ዓሣ እያደኑ መኖር በቤተሰቡ ብርቅ ነው።

«የሐይቅ ዓሣ ነው፣ ወንዝ ላይ ቢጠመድ ምን ችግር አለው?»

ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የሚኖሩት ሐይቅ ውስጥ ቢሆንም የሚራቡት ወንዝ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ባሉት ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ ሽቅብ ይወጣሉ። እንቁላል የሚጥሉት ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ጠጠር ላይ ነው። በዚያን ሰሞን ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው የሚይዘው እንቁላል ያዘለችውን እናት ነው። ብርብራ የሚባለውን፣ ዓሣ የሚመርዝ የዛፍ ፍሬ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚነሰንሰውማ ትልቅ ትንሽ አይለይም፣ ያለውን በሙሉ ነው የሚፈጀው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የነጭ ዓሣው ምርት በእጅጉ የወረደው ለመራባት ሲሰበሰብ በመጠመዱ መሆኑን አጥኚዎች ጽፈዋል። ለግንባታ የሚጫነው አሸዋና ጠጠርም ከነዚሁ ወንዞች ይዛቃል፤ ጠጠሩ በተነሳበት ቦታ ዓሣው ቢመጣም እንቁላሉን የሚጥልበት አያገኝም።